ሦስት ማሽን፣ አንድ ቦታ፦ ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የመጫኛ ፍላሽ ዝግጅት በብቸና

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ተማሪዎች ፈተናቸውን ጨርሰው ግቢው ጭር ባለበት ሰሞን፣ ብቸና ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች የአንዱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የጥገና ሱቄ መጡ። ጡረታቸው የተቃረበ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የክፍሉን ቁልፍ የያዙትም ሌላ የሚረከብ ሰው ስላልተገኘ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ፍላሽ ከኪሳቸው አውጥተው «ፋይሉ ቁጭ ብሎ ይታየኛል፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየሁም ይላል። እስቲ አንተ ተመልከተው» አሉኝ። ላፕቶፔ ላይ ስሰካው እውነትም አንድ አይኤስኦ ፋይል (የሙሉ መጫኛ ዲስክ ቅጂ የያዘ ፋይል ማለት ነው) ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁ። ከዚህ በታች የምተርከው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ በ14 አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሠራነውን ሥራ፣ በተለይም ከሥራው ሁሉ ብዙ ቀን የፈጀብንን የመጫኛ ፍላሽ ዝግጅት ነው።

በእኛ አካባቢ ሰው «ኮምፒውተሬን ፎርማት አድርግልኝ» ሲል ሐሳቡ ሁሉ ማሽኑ ላይ ነው። መጫኑ መሐል መንገድ ላይ ሲቆምም ጥፋተኛ የሚባለው ማሽኑ ነው፤ አርጅቷል፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ይጣል ይባላል። ፍላሹን የሚጠረጥር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፤ እኔም ብሆን በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ሙሉ ቀን ያባከንሁት በጊዜው ስላልጠረጠርሁት ነው። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፍላሹ በፊት ማሽኑ

በደጀን በኩል አድርጌ ብቸና ደረስሁ። የመጀመሪያውን ቀን ያዋልሁት ምንም ሳልጭን፣ ካቻቢቴ ይዤ ሽፋን በመክፈትና በመመዝገብ ነበር። ከ14ቱ ውስጥ 9ኙ ፔንቲየም 4 በተባለው ፕሮሰሰር፣ 5ቱ ደግሞ ከእርሱ በኋላ በመጣው ኮር 2 ዱዮ የሚሠሩ ነበሩ። ፔንቲየሞቹ እያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክና ሲዲ ብቻ የሚያነብ ድራይቭ ነበራቸው። ኮር 2 ዱዮዎቹ 2 ጊጋባይት ራምና ዲቪዲ ድራይቭ ነበራቸው። ከፔንቲየሞቹ ሁለቱ ማዘርቦርዳቸው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ስለነበር ጨርሶ አልበራ አሉ፤ ከእነርሱ ያወጣኋቸውን አራት ባለ 256 ሜጋባይት ራሞች ለሌሎች አራት ፔንቲየሞች ጨመርሁላቸው። የሚሠሩት እንግዲህ 12 ማሽኖች ሆኑ።

ሁሉም ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነበር። ፎልደሮቹን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ በሁሉም ማሽኖች ተዛምቶ ነበር። ወደ ዊንዶውስ 7 እንውጣ ቢባል ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ የእርሱም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አብቅቷል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኤንኤክስ የሚባለው የጥበቃ ባሕርይ የሌለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ የቀደሙት ፔንቲየም 4ዎች ይህ የላቸውም። ስለዚህ በዚያው ወር የወጣውን፣ ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት መረጥሁ፤ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2023 ሲለቀቅ ለ32 ቢት ማሽኖችም ጫኚ ነበረው።

የ32 እና የ64 ቢት ጉዳይ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ መረጃን በስንት ቢት ስፋት እንደሚያስተናግድ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ የመጀመሪያው መለያ መንገድ ነው። መምህሩ ከእኔ በፊት ያስመጡት ባለሙያ ባለ 64 ቢት መጫኛ ሲዲ ይዞ መጥቶ ፔንቲየሞቹ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ስክሪኑ «ይህ ፕሮሰሰር ከ64 ቢት ጋር አይስማማም» የሚል መልእክት ሲያወጣ «እነዚህ አልቆላቸዋል» ብሎ ሄደ አሉኝ። ማሽኖቹ ግን አላለቀላቸውም፤ የተሰጣቸው መጫኛ የእነርሱ አልነበረም። እኔ ሲፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በየማሽኑ ላይ ከፍቼ፣ ፕሮሰሰሩ የሚችላቸው ትእዛዞች በተዘረዘሩበት መስመር ላይ የ64 ቢት ምልክት የሆነውን ኢኤም64ቲ ፈለግሁ። በአምስቱ ኮር 2 ዱዮዎች ላይ አለ፤ በሰባቱ ፔንቲየሞች ላይ የለም። እዚህ ላይ ለሁሉም 32 ቢት ጭኖ መገላገል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለ32 ቢት ማሽኖች ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ መሆኑን ስለማውቅ፣ 64 ቢት የሚችለውን ማሽን ወደ ኋላ ማስቀረት ትክክል መስሎ አልታየኝም። ሁለት ዓይነት መጫኛ ለማዘጋጀት ወሰንሁ።

ከዚያ በፊት የመምህራኑን ማስታወሻዎችና የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸዋል እንጂ፤ ስለዚህ በሊኑክስ ላፕቶፕ ሲከፈቱ ሁሉም ታዩ። አንዲት መምህርት የአሥር ዓመት ማስታወሻቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስኪገለበጥ ድረስም ከዚያ አልተነሡም።

ፋይሉ አለ፣ ለምን አይነሳም?

የመምህሩ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ መልሱንም በደንብ ልነግራቸው ሞከርሁ። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተባለ ፕሮግራም፣ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያየው የዲስኩን የመጀመሪያ ቁራጭ፣ 512 ባይት ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የማስነሻ ትእዛዝ ካለ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ላይም የታወቀው ምልክት ካለ፣ ሥራውን ለእርሱ ያስረክባል፤ ከሌለ አልፎ ይሄዳል። ሲዲ ላይ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤል ቶሪቶ የተባለው ደንብ የማስነሻው መረጃ በሲዲው ላይ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። አይኤስኦ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ሞፈርና ቀንበሩን በአንድ ጆንያ ከትቶ ማሳው ዳር እንደማስቀመጥ ነው፤ ዕቃው ሁሉ አለ፣ ግን አልተጠመደምና አያርስም። የፋይሉ ይዘት ከፍላሹ የመጀመሪያ ባይት ጀምሮ ባለበት ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። የዴቢያን አይኤስኦ ለሲዲውም ለፍላሹም በሚያገለግል መንገድ የተዘጋጀ ነው፤ ስለዚህ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ሲጻፍ በምን ዓይነት መንገድ ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል። እኔ የምመርጠው ዲዲ የሚለውን ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ለመምህሩ ነግሬያቸው ነበር፦ በዚህ መንገድ የተጻፈ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ ሊያነበው ስለማይችል «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «እሺ» የሚለውን የተጫነ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

39 በመቶ

ሁለቱን አይኤስኦዎች ደብረ ማርቆስ ሆኜ በሌሊት ጥቅል በሦስት ሌሊት አወረድሁ፤ እያንዳንዳቸው 3.7 ጊጋባይት ገደማ ነበሩ። ኢንተርኔት ይዘን የማንጭንበት ቦታ ስለሆነ፣ በመጫን ጊዜ ቀሪውን ከኔትወርክ የሚስበውን ትንሹን ፋይል ትቼ ሙሉውን ዲቪዲ ነበር የወሰድሁት። ሲቆራረጥ ካቆመበት በሚቀጥለው፣ ደብሊውጌት በተባለው ማውረጃ ፕሮግራም አስጨረስሁት፤ ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን፣ ሻ256 የሚባለውን ባለ 64 ፊደል የመፈተሻ ቁጥር ዴቢያን ካወጣው ጋር አመሳከርሁ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከገበያ 32 ጊጋባይት የሚል የተጻፈበት ፍላሽ ገዝቼ የ64 ቢቱን ጻፍሁበት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፦ የወረደውን ፋይል መረመርሁ፤ የተጻፈውን ፍላሽ ግን አልመረመርሁም።

ብቸና ላይ የመጀመሪያው ኮር 2 ዱዮ በፍላሹ በደንብ ተነሳ፤ ቋንቋ መረጥን፣ ዲስኩን ከፋፈልን፣ መጫኑ ጀመረ። 39 በመቶ ላይ ሲደርስ ቀይ ስክሪን ወጣ፤ አንድ ጥቅል (ከሚጫኑት ፕሮግራሞች የአንዱ ፋይል) ተበላሽቷል ይላል። ሃርድ ዲስኩን ጠረጠርሁና ቀየርሁት፤ ያው ሆነ። ሁለተኛውን ማሽን ጀመርሁ፤ እርሱም ቆመ። ራሙን ጠርጥሬ ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን መመርመሪያ ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁ፤ ንጹሕ ነው አለኝ። ሦስተኛውም ማሽን ቆመ። ሁለት ቀን በዚህ አለፈ፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራትም በመሐል እየሄደ እየመጣ።

መምህሩ የሆነውን ሁሉ በካሬ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገልጠው ሦስት መስመሮች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ 39፣ 39፣ 39፤ የጥቅሉም ስም በሦስቱም አንድ ነበር። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «የተለያየ ቦታ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ላይ ግራ ከተጋቡ፣ እኔ የማየው ተማሪዎቹን ሳይሆን የፈተናውን ወረቀት ነው።»

ልክ ነበሩ። ዲስክ ቢበላሽ፣ ራም ቢታመም፣ ስህተቱ በየማሽኑ የተለያየ ቦታ ላይ ይወጣ ነበር፤ ሦስት ማሽን በአንድ ጥቅል ላይ ሊሳሳት የሚችለው ሦስቱም የሚያነቡት ነገር ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ነው። ወዲያው ኤፍ3 በተባለው መመርመሪያ ፍላሹን በሞላ ጻፍሁበትና መልሼ አነበብሁት። 32 ጊጋባይት የተባለው ፍላሽ እውነተኛ መጠኑ 2 ጊጋባይት ገደማ ነበር። የእንደዚህ ዓይነት ፍላሽ ውስጣዊ ቺፕ መጠኑን ዋሽቶ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈውን ሲጽፉበት «ተጽፏል» ይላል፣ አይጽፈውም። ስለዚህ መነሻው ላይ ያለው ጤነኛ ስለሆነ ማሽኑ ይነሳል፣ ጫኚውም ይከፈታል፤ የሚጎድለው መሐል ላይ ሲደረስ ነው። ጨርሶ ባይነሳ ኖሮ ፍላሹን በመጀመሪያው ሰዓት እንጠረጥረው ነበር፤ በግማሽ መሥራቱ ነው ያሳሳተን።

ከዚያ በኋላ የጸናሁበት አሠራር ይህ ነው። አዲስ ፍላሽ ሲገዛ ምንም ሳይጻፍበት በፊት ሙሉ መጠኑ ይመረመራል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው። ምርመራው ለባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ እንደ ፍጥነቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ከሁለት ቀን ግን ይሻላል። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ፍላሹ ይነቀልና ተመልሶ ይሰካል፤ ካልተነቀለ ላፕቶፑ ከፍላሹ ሳይሆን በራሱ ራም ላይ ከያዘው ቅጂ አንብቦ «ልክ ነው» ሊል ስለሚችል ነው። ቀጥሎ ከፍላሹ መጀመሪያ በአይኤስኦው ትክክለኛ ርዝመት ልክ ብቻ ተነቦ የሻ256 ቁጥሩ ይወጣል፤ ፍላሹ ከፋይሉ ስለሚበልጥ እስከ መጨረሻው ከተነበበ ቁጥሩ አይገጥምም። ዲዲ የሚለውን አጻጻፍ የምመርጠውም ለዚህ ነው፦ ፍላሹ ላይ ያለው ከፋይሉ ጋር ባይት በባይት አንድ ስለሚሆን ማመሳከር ይቻላል። በሌላው መንገድ ሩፉስ ፋይሎቹን ዘርግቶ አዲስ ክፍልፋይ ላይ ስለሚያስቀምጣቸው ይህ ማመሳከሪያ አይሠራም። ላፕቶፕ በአጠገቡ የሌለው ሰው ደግሞ በዴቢያን ጫኚው ምርጫዎች ውስጥ መጫኛው ራሱን እንዲፈትሽ የሚያደርግ ትእዛዝ አለና እርሱን ይጠቀም።

ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሾች መርምረን፣ በአንዱ 32፣ በሌላው 64 ጽፈን፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ቁጥራቸውን በእስክሪብቶ ጽፈን ለጠፍንባቸው። አምስቱም ኮር 2 ዱዮዎች በአንድ ቀን አለቁ። እዚያ ያጋጠመን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዮሳቸው ፍላሹን በተነቃይ ዕቃዎች ሳይሆን በሃርድ ዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ወደዚያ ዝርዝር ገብቶ ፍላሹን ከሃርድ ዲስኩ በላይ ማውጣት ያስፈልጋል። የባዮስ ባትሪያቸውም ሞቶ ስለነበር መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋ ነበር፤ ሲአር2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ በሁሉም ቀየርሁ።

ሲዲ ብቻ የሚያውቁት ሰባቱ

ፔንቲየሞቹ ከፍላሽ መነሳት አልቻሉም። ባዮሳቸው ውስጥ ዩኤስቢ-ዚፕና ዩኤስቢ-ኤችዲዲ የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም ሞከርሁ፤ አንዱም አልሠራም። 3.7 ጊጋባይት ደግሞ 700 ሜጋባይት በሚይዝ ሲዲ ላይ አይገባም፤ ድራይቫቸውም ዲቪዲ አያነብም።

መፍትሔው ፕሎፕ ቡት ማኔጀር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። ሲዲ ላይ ትጻፋለች፤ ማሽኑ ከሲዲው ሲነሳ የራሷን የዩኤስቢ ማንበቢያ ይዛ ትመጣለች፤ ከምርጫዎቹ ዩኤስቢ የሚለውን ሲመርጡ የተሰካው ፍላሽ ላይ ያለውን ታስነሳለች። ባዮሱ የማያውቀውን መንገድ እርሷ ታውቀዋለች ማለት ነው። አንድ ሲዲ ለሰባቱም በቃ። ሲዲው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዓይነት እንዲሆን፣ በዝግታም እንዲጻፍ አደረግሁ፤ ተደጋግሞ የሚጻፍበትን ዓይነት አሮጌ ድራይቮች ለማንበብ ይቸገራሉ። ክፍሉ ቀድሞ መማሪያ ስለነበር የጠመኔ ብናኝ በየድራይቩ ሌንስ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በንጹሕ ጥጥና በአልኮል በቀስታ ጠረግኋቸው፤ ሁለቱ ግን እምቢ አሉ። የሌላውን ማሽን ድራይቭ በተራ ፈትቼ ገጠምሁላቸው፤ ከተጫነ በኋላ ድራይቩ ስለማያስፈልግ መልሼ ወሰድሁት። የዩኤስቢ ወደቡም መታየት አለበት፦ 1.1 የሆነ ወደብ በሰከንድ ቢበዛ 1.5 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው፤ በ2.0 ወደብ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ በዚያ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

በአራተኛው ፔንቲየም ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። መጫኑ በሰላም አለቀ፤ ፍላሹን ነቅለን ስናበራው አልነሳም አለ፤ ፍላሹን መልሰን ሰክተን በፕሎፕ ሲዲዋ በኩል ስናስነሳው ተነሳ። መምህሩ «ይኼ ደግሞ ያለ ፍላሽ አልኖርም አለ» አሉ። ምክንያቱን አውቄዋለሁ። በመጫኑ መጨረሻ ላይ ግሩብ የሚባለውን የማስነሻ ፕሮግራም የት ላስቀምጥ ብሎ ጫኚው ሲጠይቅ፣ በዚያ ማሽን ላይ ፍላሹ የመጀመሪያው ዲስክ ተብሎ ተሰይሞ ሃርድ ዲስኩ ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ እኔም በልማድ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ግሩብ የፍላሹን የመጀመሪያ ቁራጭ ሽሮ እዚያው ተቀመጠ። አንድ ጥፋት ሁለት ነገር አበላሸ፦ ማሽኑ ያለ ፍላሽ አይነሳም፤ ፍላሹም ከእንግዲህ መጫኛ አይደለም። ፍላሹን እንደገና ጽፌ፣ መርምሬ፣ የተበላሸን ሥርዓት ለመጠገን ጫኚው በያዘው የማዳኛ ምርጫ ገብቼ ግሩብን ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የምናየው ተራ ቁጥሩን ሳይሆን መጠኑን ሆነ፤ 40 ጊጋባይቱ ሃርድ ዲስክ፣ 8ቱ ፍላሽ። መምህሩም ይህንን በደብተራቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት።

ፔንቲየሞቹ ላይ ከባድ ገጽታ አልጫንሁም። አይስደብሊውኤም የተባለውን ቀላል የመስኮት ገጽታ፣ ለጽሑፍ አቢወርድን፣ ለሠንጠረዥ ግኑሜሪክን፣ ለአማርኛ ደግሞ አስቀድሜ በሌላ ፍላሽ ይዤው የመጣሁትን አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን መተየቢያና አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ አስቀመጥሁ። በ512 ሜጋባይት ራም ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሲከፈት ይዘገያል፤ ተማሪ መተየብና ሠንጠረዥ መሥራት እንዲለማመድበት ግን ይበቃል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡት የመምህራኑ ጽሑፎች ዩኒኮድ የተባለውን የጋራ የፊደላት አመዘጋገብ ስላልተከተሉ አዲሱ ሥርዓት ላይ ተዘበራርቀው ነው የሚታዩት፤ እነርሱን መለወጥ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

በሐምሌ አጋማሽ 12ቱም ማሽኖች ተነሡ። ሁለቱን ፍላሾችና ሲዲዋን፣ ከመፈተሻ ቁጥራቸው ወረቀት ጋር፣ በፖስታ አድርገን በንብረት ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቆለፍን።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 ዴቢያን 13 ሲወጣ ለ32 ቢት ማሽኖች ጫኚ አልነበረውም። ያን ጊዜ መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል፤ ደወልሁላቸውና አምስቱ ማሽኖች ወደ አዲሱ መውጣት እንደሚችሉ፣ ሰባቱ ግን በ12 ላይ እንደሚቆዩ፣ ስለዚህ 32 የሚል የተጻፈባት ፍላሽ ምትክ ሊዘጋጅላት እንደሚገባ ነገርኋቸው። «ቁልፉን ለተረከበው ልጅ እነግረዋለሁ፤ ደብተሩም እሱው ጋ ነው» አሉኝ። የ32 ቢቱን አይኤስኦ በሁለት ዲቪዲ ጽፌ፣ ሁለቱንም መልሼ አንብቤ ካመሳከርሁ በኋላ፣ የመፈተሻ ቁጥሩን በየሽፋናቸው ላይ ጽፌ ለልጁ አስቀመጥሁለት።